ፋብሪካውን ያስተማረው ክፍል

ደብተር ሳይ ደሜ የሚፈላበት ጊዜ ነበር። መምህር ሆኖ እንዲህ ማለት ነውር ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ አንዱ ድርጅት ባነሩን ጠቅልሎ ቃሊቲ ወዳለው ትምህርት ቤታችን ይመጣል፤ መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎቼን ያሰልፋል፤ ለእያንዳንዳቸው ደርዘን ደብተር ያስታቅፍና ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ልጆቼ አሥራ አንድ ናቸው። ደብተሩ መደርደሪያውን ሞልቶ፣ ከዚያ አልፎ የምንማርበትን ቤት አጣቦት ነበር። የምንማርበት ቤት ስል ድሮ የተሰባበረ ወንበር ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ማለቴ ነው። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ጩኸቱ አይረብሻቸውም፤ የሚረብሻቸው አናታቸው ላይ የሚወርደው ጠብታ ነበር።

አንድ ዓመት የካቲት ላይ ርዕሰ መምህራችን ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። በር ከዘጋ ደግ ወሬ እንደሌለው አውቃለሁ። መጋዘኑ ሊፈርስ መሆኑን፣ ቦታው ለተማሪዎች ምገባ ማብሰያ ቤት መፈለጉን ነገረኝ።

"ልጆቹስ?" አልኩት።

በመስኮት ወደ ሜዳው እያየ፣ እስከ መስከረም ሌላ ክፍል ካልተገኘ ከከተማው ማዶ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት እንደሚዛወሩ ገለጸልኝ። ወረቀት ላይ መዛወር ይባላል እንጂ ቤት መቅረት ማለት ነበር። ሦስት ታክሲ የሚያዝበት መንገድ ነው። ረዳቱ የሚጠራውን የማይሰማ ልጅ ብቻውን አይሄደውም፤ ወላጆቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናቸው።

ወሬው ቶሎ ከደረሳቸው አንዷ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ሙዝ፣ ሶፍትና ፌስታል የምትሸጥ እናት ናት። ልጇ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሌ ፈጣኗ እሷ ነበረች። እናትየው በማግስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ቲቸር፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እኔ እኮ ሱቄን ዘግቼ ላመላልሳት አልችልም። ከዘጋሁ ምን እንበላለን? ልጄ ቤት ልትውል ነው በቃ።"

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "አትቀርም" አልኳት። በምን ተማምኜ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያማ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ማኅተም ያረፈበት የትብብር ጥያቄ ደብዳቤ ይዤ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ፣ ከዚያም እስከ ቂሊንጦ ያለውን የፋብሪካ በር ሁሉ አንኳኳሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ። "እነዚህ ምስኪን ሕፃናት" የሚል ሦስት ቦታ ላይ ነበረበት። የየበሩ ጥበቃዎች በትሕትና ይቀበሉኝና ከእኔ በፊት ከመጡት ደብዳቤዎች ላይ ይደርቡታል። መልስ የሰጠን አንድ ሚስማር ፋብሪካ ብቻ ነው። መልሱም ልጆቹን ይዘን እንድንመጣና ደብተር እንድንቀበል የሚል ነበር።

አልሄድም ብዬ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ለምኖኝ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ገና ወጣት ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። ባነሩ ፊት ቆሞ ደብተሩን ለልጆቹ አቀበለ፤ ፎቶው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ስለተገኘ መልሶ ተቀብሏቸው እንደገና አቀበለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። ሲያበቃ፣ እግረ መንገዳችንን ፋብሪካውን እንድናይ ብሎ ለፎርማኑ አስረከበን። ፎርማኑ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቁጥብ ሽማግሌ ነበሩ።

የሚስማር ማሽን ሲሠራ ያልሰማ ሰው ጫጫታን ያወቀ አይምሰለው። አዳራሽ ሙሉ ማሽን ሽቦ ይጎትታል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጠቅጣል፤ ከታች ሚስማር ይዘረግፋል። ሠራተኞቹ ጆሯቸውን ደፍነዋል። ፎርማኑ አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አስጠግተው ይጮኻሉ፤ እኔ አንድ ቃል ሳይገባኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ልጆቼ ግን ዳር እስከ ዳር በእጃቸው እየተጫወቱ፣ እየተሳሳቁ ይሄዱ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ምንም ያልጎደለባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

መሃል ላይ ስንደርስ የዚያች የሙዝ ሻጭ ልጅ የፎርማኑን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችና ወደ ጥግ ጠቆመች። አንድ ሠራተኛ የቱታውን እጅጌ ሽቦው ይዞበት ወደ ማሽኑ እየተጎተተ ነበር። አፉ ተከፍቷል፤ እየጮኸ ነው። ሁለት እርምጃ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ይሠራል። ፎርማኑ በዚያ ዕድሜያቸው ያልጠበቅሁትን ሩጫ ሮጠው ማሽኑን አጠፉት። ሰውየው በተቀደደ እጅጌና በተላጠ ክንድ ተረፈ።

ውጭ ወጥተን ውኃ ጠጣን። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ሁለት ጣት የለውም።

"እነዚህ ሲሄዱ እኔም ጮኼ ነበር" አሉኝ። "ማንም አልሰማኝም። ይቺ ልጅ ከየት አየችው?"

"እሷ እኮ ጋሼ፣ ሁሉን ነገር የምትጠብቀው በዓይኗ ነው።"

ልጆቹ ስለሆነው ነገር በእጃቸው ሲያወሩ ሽማግሌው ቆመው ተመለከቱ። ከዚያ "ይህን የእጅ ንግግር እንደኛ ያለ ሰው ሊማረው ይችላል?" አሉ።

ያኔ ነው ያ ደብዳቤዬ ያሳፈረኝ። ስንት በር ላይ የጎደለንን ብቻ ስዘረዝር ከርሜ፣ እኛ ያለንን ያየልን ሽማግሌ መጣ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ፤ ፎርማኑ ተከተሉኝ።

"ደብተሩን መልሰው ይውሰዱት" አልኩት። "ለልመና አይደለም የመጣሁት። ሠራተኞችዎን የምልክት ቋንቋ እናስተምርልዎታለን። እርስዎ ክፍል ይሠሩልናል።"

"ልጆቹ እኛን ሊያስተምሩ?" አለና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አነደደኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ፎርማኑ ቀደሙኝ፤ ሁለት ጣት የሌለውን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"የመጀመሪያው ተማሪ እኔ ነኝ" አሉ።

ፈገግታው ጠፋ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጊዜ ሰጠን። ለውጥ ካየ ክፍሉን ሊሠራ፣ ካላየ ደብተራችንን ይዘን ልንሄድ ተስማማን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሺፍት ሲቀየር በፋብሪካው ካፌ ማስተማር ጀመርን። እዚህ ላይ የመምህር ስሕተት ሠራሁ፤ ከሀ ጀመርኩ። የጣት ፊደላችን እንደ ግእዙ ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የጣት ቅርጽ አለው፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ሰባቱም በእጅ እንቅስቃሴ ይለያያሉ። እኔ መ ላይ ደርሼ ዞር ስል ግማሹ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ሀሁ ምን ያደርግለታል? በሁለተኛው ቅዳሜ ከመጡት ግማሾቹ ቀሩ፤ በሦስተኛው ሰባት ሰው አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር ቅስሜ ተሰበረ።

ያቺ ልጅ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እንድቀመጥላት በእጇ ነገረችኝ፤ ታዘዝኩ። የተላጠ ክንድ የነበረውን ሠራተኛ ጎትታ መሃል ላይ አቆመችውና እጅጌውን ያዝ አድርጋ "አጥፋው" የሚለውን ምልክት አሳየችው። አስደገመችው። ሲሳሳት ጣቱን በጣቷ አስተካከለችለት። ቀጥላ "ሽቦ አለቀ"፣ ቀጥላ "መካኒክ ጥራ"፣ ቀጥላ "ከኋላህ ተጠንቀቅ"። የተኙት ነቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበር ጠበበን፤ የካፌዋ አስተናጋጅ ሳትቀር ተመዘገበች። ልጇን ልትወስድ የምትመጣው እናትም ከኋላ እየተቀመጠች ትማር ጀመር። እስከዚያ ቀን እናትና ልጅ እንብላና እንተኛ የሚባባሉበት የራሳቸው ምልክት ነበራቸው እንጂ ሌላ ቋንቋ አልነበራቸውም።

ግንቦት ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ሊፈትነን መጣ። ማሽኖቹ ሁሉ እየሠሩ፣ ወረቀት ላይ አንድ መልእክት ጻፈና በር አጠገብ ላለው ሠራተኛ አሳየው። መልእክቱ አዳራሹን አቋርጦ ጥግ ያለው ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። እጅ ከእጅ እየተቀባበለ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት፤ መሃል ላይ ሲደርስ አንዱ ሳቀ፤ ተበላሸ አልኩ በልቤ። ጥግ ያለው፣ ያ እጅጌው ተይዞ የነበረው ሰው፣ ተቀብሎ ጻፈውና አመጣ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። የእሱ "ሦስተኛው ማሽን ሽቦው ሊያልቅ ነው፣ ከምሳ በፊት መካኒክ ይምጣ" ይላል። የደረሰው "ሦስተኛው ማሽን ሽቦው ሊያልቅ ነው፣ ከምሳ በፊት መካኒክ ይምጣ፤ ምሳ ዛሬም ምስር ነው ወይ?" ይላል።

ሥራ አስኪያጁ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ክፍሉ ስንት በስንት እንዲሆን እንደምንፈልግ ጠየቀኝ።

ክፍሉ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ተሠራ። ብሎኬቱም ጣራውም የፋብሪካው ነው፤ ሚስማሩ ከየት እንደመጣ መናገር አያስፈልግም። እሑድ እሑድ ሠራተኞቹ ራሳቸው እየመጡ አናጢውን ያግዙ ነበር፤ ጣራ ላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ሳይጮህ በእጁ ሲነጋገር የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። መስኮቱ ሰፊ እንዲሆን ያስገደድኩት እኔ ነኝ፤ በዓይን ለሚማር ልጅ ብርሃን ያስፈልገዋል። ሥልጠናውም አልተቋረጠም፤ ፋብሪካው አዲስ ሠራተኛ በቀጠረ ቁጥር ወደ እኛ ይልካል፣ ለሥልጠናው የሚከፍለንም ለክፍሉ ወጪ ይሆናል። ዛሬ ከሌላ ትምህርት ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ሊጠይቁኝ የሚመጡ መምህራን አሉ። ደብዳቤውን ተዉትና መጀመሪያ ግቡና ፋብሪካው ምን እንደቸገረው እዩ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ደብዳቤውን ደብቄባቸው ይመስላቸዋል።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተጀመረ ቀን፣ በር ላይ ቆሜ ልጆቼን እጠብቅ ነበር። አሥራ አንዱም መጡ። የመጨረሻዋ ያቺ ልጅ ነበረች፤ እናቷ ሱቋን ሳትከፍት በፊት ይዛት መጣች። በዚያው ቅጽበት የፋብሪካው ሰርቪስ አውቶቡስ መጣና በራችን ላይ ካለው የመንገድ ጉብታ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። መስኮቶቹ ተከፈቱ። ከየመስኮቱ እጅ ወጣ፤ የፎርማኑ ሦስት ጣት ያለው እጅም ከፊት ነበረ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ እንደምን አደርሽ።

ልጅቷ በዚህ መንገድ ዓመታት ተመላልሳለች። ከእኔና ከክፍል ጓደኞቿ በቀር እንደምን አደርሽ ያላት ሰው አልነበረም። አልደብቅም፣ አለቀስኩ። እናትየው ግን እኔን ትታ መስኮቶቹን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ እየቆጠረች ኖሯል።

"ቲቸር" አለችኝ፣ "ሃያ ሦስት ሰው ሰላም አላት።"

ልጅቷ እኛን አላየችንም። ለመጨረሻው መስኮት እየመለሰች ነበር።