ዛሬስ ተረጋገጠ?

ታላቅ ወንድሜ እዚሁ ጅማ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ማንኛውም ነገር ቢከፋፈል መጨረሻው የሚርገበገብ ደቃቅ ክር ነው የሚለውን የስትሪንግ ቲዎሪ ማስረዳት ከጀመሩ ምሳቸውንም ይረሳሉ። ለተማሪዎቻቸው ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ክሩን ያየው የለም፤ እኔም አላየሁትም» ይሏቸው ነበር።

ስለዚህ አመሻሽ ላይ ሲመለሱ፣ በረንዳው ላይ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ሳሉ እጠይቃቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ተረጋገጠ?»

«ገና ነው፣ እህቴ። ቡና እንኳ ተተክሎ እስኪለቀም ስንት ክረምት ይጠበቅ የለ!»

አንድ ቀን ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው የማይታየውን ክር ነገር ሰሙና፣ «ወላሂ ዶክተር፣ እኔ የማይታይ ጨርቅ ብሸጥ ገበያተኛው ይደበድበኝ ነበር!» አሏቸው። ከሁላችን በላይ የሳቁት ወንድሜ ናቸው። ወዲያው ወንበር ስበው ማስረዳት ጀመሩ፤ ሰውየውም የመግሪብ ሶላት እስኪደርስ አልተነሱም።

ወንድሜ ከታመሙ በኋላ እንዳይደክሙ ብዬ መጠየቁን ተውኩ።

«ምነው ዝም አልሽ? ተስፋ ቆረጥሽ እንዴ?» አሉኝ።

ጠየቅኋቸው። «ገና ነው» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ።

አሁን ሲመሽ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አላለፍኩም፤ ስሌቱን አላውቀውም። እናንተ ተማሪዎቻቸው ግን በየአገሩ አላችሁ። እውነትም ሆነ ስህተት፣ የታወቀ ዕለት ደውሉልኝ። መቃብራቸው ዘንድ ሄጄ የምነግራቸው እኔ ልሁን።