ከጉብታው ጀርባ

አጎቴ መኪና ከማስነሳታቸው በፊት ከኋላዋ ሕፃን አለመኖሩን ዞረው የሚያዩ ሰው ነበሩ። ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። መኪናዋ ቦሌ ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች ናት፤ ማንም አልነካትም።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችንን ወጣቶች ተኩስ የሚያለማምዱት እሳቸው ነበሩ። እኔም ከሠልጣኞቹ አንዷ ነበርኩ። ጎሮ አጠገብ በነበረው የመንግሥት ባሕር ዛፍ ደን ውስጥ የምንተኩስበትን ቦታ ይመርጡልናል። የፈቃድ ወረቀት በእጃቸው ቢኖርም፣ ዒላማው ጉብታ ፊት ካልተተከለና ያመለጠ ጥይት ሰው እንዳያገኝ ጀርባውን ዞረው ካላዩ አያስተኩሱንም ነበር።

አንድ ጠዋት ከበላይ የመጣ ኃላፊ ቸኮለ።

"አካባቢው ተጠብቋል፤ አሁኑኑ ያስጀምሩ!" አላቸው።

"አንዴ ዞሬ ልይ" አሉ አጎቴ።

"ትእዛዝ ነው እኮ የምልዎት!"

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም በኀፍረት ተሸማቅቄ፣ "ጋሼ፣ ኧረ አያዋርዱኝ" አልኳቸው ቀስ ብዬ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ጉብታው ጀርባ ሄዱ።

ሲመለሱ ከጉብታው ጀርባ ቅጠል ስትለቅም ያገኟትን ነፍሰ ጡር ሴት ይዘው መጡ፤ ሸክሟን በራሳቸው ጫንቃ ተሸክመውላታል። ኃላፊው አቀረቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ስንኖር ያቺን ጠዋት አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ።

ዛሬ ከፍትሐቱ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ብቻዬን መቃብራቸው አጠገብ ቀረሁ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ተይው ልጄ" የሚለኝ ግን አልነበረም።