ጃፓኑ ይሻላል ወይስ ጣልያኑ

ከድሬ የወጣሁ ምሽት ሚስቴ ፎዚያ አላለቀሰችም። ሳቢያን ሰፈር፣ እናቷ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ የሸሚዜን ቁልፍ ታስተካክላለች። ሁሉም ተቆልፏል፤ እሷ ግን አንዱን ፈትታ መልሳ ትቆልፋለች። ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ኦርጋን እጫወት ነበር። አብዮቱን በዘፈን ስናሞግስ የከረምነውን ልጆች ለውትድርና መጥራት ሲጀምሩ፣ ተራዬ ሳይደርስ ጅቡቲ ልሻገር ቆረጥኩ። ሥራ ካገኘሁና ዋስ የሚሆነኝ ሰው ከተገኘ እሷንም ልጁንም አስመጣለሁ። ካልተገኘስ? ያንን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ባቡሩ ላይ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ ሴቶች መሃል ተሸጉጬ ተጓዝኩና ድንበሩ አጠገብ ወርጄ በእግሬ ተሻገርኩ። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ ለመምጣት የምታስቡ ውሃ አታሳንሱ።

የድሬን ሙቀት ስናማርር የኖርን ሰዎች አላህ ይቅር ይበለን። ድሬ ማታ ማታ ትንሽ ነፋስ አላት፤ የጅቡቲ ነፋስ ራሱ ያልባል። ጠዋት ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ በሻይ እየነከርኩ የድሬው ታይዋን ገበያ ፉል በዓይኔ ይሄዳል። ከሁሉ የባሰው ራፍል ነው፤ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ወረቀት የሌለውን ለቅሞ ወደ ድንበር ይመልሳል። እኛ አፈሳ የምንለው መሆኑ ነው። ከአንዱ አፈሳ ሸሽቼ ሌላው ውስጥ ገባሁ።

አንድ ቀን አንድ ፖሊስ ያዘኝና በሶማሊኛ ሥራዬን ጠየቀኝ። ኦርጋን ተጫዋች ነኝ አልኩት። ኦርጋንህ የታለ አለኝ። የለኝም። ወረቀትህስ? እሱም የለኝም።

«ኦርጋን የሌለው ኦርጋን ተጫዋች፣ ወረቀት የሌለው ነዋሪ። አንተ ራስህ መኖርህን በምን አወቅህ?» አለኝ።

ጓደኞቹ ሲስቁ ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ግን የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ቅርቤ ያለ ሱቅ ውስጥ እገባ ጀመር።

ሐጂ ሮብሌን ያገኘሁት በዚህ ጭንቀት መሃል ነው። የሠርግ አዳራሽ አለው፤ በወጣትነቱ ድሬ ስለነገደ አማርኛው ጥሩ ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ ከነመሣሪያው ፈረንሳይ ሄዶበት ነበር። አዲሱን ኦርጋን እኔው እንድመርጥለት፣ ገንዘቡን እሱ እንደሚከፍል ነገረኝ። ሐሙስ ሠርግ ነበር፤ ሠርጉ ካማረ ወረቀት እንዳወጣ ዋስ ሊሆነኝ ቃል ገባ።

የአንድ የመኒ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሁለት ኦርጋኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ጃፓኑና ጣልያኑ። ድሬ እያለን በነዚህ ላይ የተጨቃጨቅነው ጭቅጭቅ በኳስ ቡድን አልተደረገም። የጃፓኑ ወገን ቀላል ነው፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል ይላል። የጣልያኑ ወገን ደግሞ ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ፣ ቤዙ ደረት ይነቀንቃል ይላል። ሁለቱም ከበሮውን ራሳቸው ይመታሉ፤ ግን የሚያውቁት ሩምባና ዋልዝ እንጂ ችክችካ አይደለም። ስለዚህ ዋልዙን አፍጥነን አፍጥነን ችክችካ እናስመስለዋለን።

ዋልዙን አፈጠንኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። ታይዋን የኮንትሮባንድ ኦርጋን ስንሞክር እንደዚያ ነበር፤ ከመጋረጃ ጀርባ፣ የቀበሌ ጥበቃ እንዳይሰማ። የመኒው ጆሮዬን የሚያመኝ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ራቅ ብሎ ያየኛል። በዚያ ሹክሹክታ ጃፓኑ ማር ነበር። ጣልያኑ ያጉረመርማል። ጃፓኑን አስጠቀለልኩ።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም አለ። ስጀምር ሐጂ ከዳር ሆኖ በእጁ ከፍ አድርገው አለኝ። ከፍ አደረግሁት። ከበሮው ባዶ ቆርቆሮ ሆነ፣ ቤዙ ጨርሶ ጠፋ። ሲጨፍሩ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ተቀመጡ። ጣቶቼ በላብ ከቁልፎቹ ላይ እየተንሸራተቱ፣ በዓይኔ የሚታየኝ የፖሊስ መኪና ነበር። ድምፁን ቀነስኩት፤ ሴቶቹ አዘኑልኝ መሰለኝ ራሳቸው እያጨበጨቡ ሠርጉን አወጡት።

ሲያልቅ ሐጂ ጠራኝ።

«ሱቅ ውስጥ ሲጮህ አልሰማኸውም?»

«አላስጮህኩትም ሐጂ።»

«ለምን?»

«ሰው እንዳይሰማ።»

ያልኩት ነገር ለራሴ የተሰማኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አፈርኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ዋሪያ፣ እዚህ ማንም አይከለክልህም» አለኝ። ጃፓኑን በጣልያኑ እንዳስለውጥ፣ የሚቀጥለውን ሐሙስ አይቶ እንደሚወስን ነገረኝ። ዋስትናውም እስከዚያው ቆየ።

በማግስቱ በቀጠሮ ፎዚያን ድሬ ቴሌ ቢሮ በስልክ አስጠራኋት። ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ታቅፋት ነበር የመጣችው።

«አቦ ንገረኝ፣ እንምጣ?» አለችኝ።

ሐሙስን እንጠብቅ አልኳት። ይህን ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች፤ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ፎዚያ ወዲያው «እሽ፣ እሽ፣ ሰው እያየን ነው» ትላት ጀመር።

«ተያት፣ ትጩህ» አልኳት።

አልተወቻትም። በጨርቋ ሸፈነቻት መሰለኝ፣ የልጄ ድምፅ ራቀ።