ከሰርቨሩ ጀርባ የተገኘው

ይህ የሆነው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሮቤ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ባላጠፋሁት ከእንጀራዬ ልነቀል የነበርኩት በክረምት ነዋ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ኮምፒውተር ግን ባለሙያ በመጣ ቁጥር እየጠየቅሁ፣ እየነካካሁ ለመድኩ፤ የሰርቨር ክፍሉም ቁልፍ በእጄ ሆነ። ሰርቨሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ የተያያዙበት ዋናው ኮምፒውተር፣ የቆመው ጠባብ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከፊቱ ሃርድ ዲስኮቹ እንደ ትንንሽ መሳቢያ ተደርድረዋል። ከሥር መብራት ሲጠፋ የሚደግፈው ዩፒኤስ አለ። ማራገቢያዎቹ ቀዝቃዛውን አየር ከፊት ይስቡና ትኩሱን በጀርባ ይተፉታል።

በዚያ ክረምት ሰርቨሩ ዝናብ በዘነበ ጠዋት ሁሉ እየጠፋ አስቸገረን። መብራት አለ፤ ዩፒኤሱ አይጮህም፤ ዲስኮቹም ደህና ናቸው። አስነሣዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ድርግም! ያን ጊዜ የሁሉም ሥራ ይቆማል።

አንድ ጠዋት ከቁም ሳጥኑ ሥር ውኃ አየሁ። ጣሪያው አያፈስም። ሰው ገብቷል ማለት ነው! ዓይኔ ጥበቃው ኦቦ ከድር ላይ ዐረፈ፤ ቦቲያቸው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ባለፉ ቁጥር እግራቸውን ማየት ጀመርኩ።

«ዘይነባ፣ ምነው እግሬን እንደ ቀበሌ ታጣቂ የምትከተዪው?» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት ደግሞ የጠረጠሩት እኔን ነበር።

«የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሰርቨሩ ጋር እየሰካሽ ትሞቂያለሽ አይደል?»

«ኧረ ወላሂ፣ ምድጃ ይዤ ገብቼ አላውቅም!»

«ታዲያ ጂን ነው የሚያጠፋው? እዚያ ክፍል ካንቺ በቀር የሚገባ የለም።»

ቁልፉን ተቀበሉኝ። በማግስቱ ዘነበ፤ ሰርቨሩም ጠፋ። «ሌላ ቁልፍ አስቀርጻ ይዛለች» ተባለ። አብረውኝ የሚስቁት ሁሉ ዝም አሉኝ።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ተጠራ። አቶ ታምራት ሠራተኛውን በሩ ላይ ሰብስበው «ምድጃዋን አሁን ታዩታላችሁ» አሉ።  የቤት ኪራዩም የልጆቼም ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ባለሙያው ከሰርቨሩ ጀርባ ባለችው፣ እኔ እንኳ ገብቼባት በማላውቃት ጠባብ ቦታ ተሹለክልኮ ገባ። «በሙቀት እኮ ነው ራሱን የሚያጠፋው፤ ታፍኗል» ሲል ሰማነው። ከዚያ ውኃ የሚያንጠባጥብ ወፍራም ካፖርት እየጎተተ ወጣ።

«ይሄ የማን ነው?»

 ኦቦ ከድር ጠጋ ብለው አዩት።

«አቶ ታምራት፣ ጠዋት ከጎባ በሞተር ሲመጡ ለብሰውት የነበረው አይደል እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ቀላ። «እኔ እኮ ማሽኑን አልነካሁም! ሞቅ ስለሚል እስኪደርቅ ነው የሰቀልኩት።» ለካ ማለዳ ከሁላችንም ቀድመው ይሰቅላሉ፣ ለምሳ ስንወጣ ያወርዳሉ።

ሳቁ ግቢውን አናጋው። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ቁልፉን ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

አሁን ሳወራው እኔም እስቃለሁ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሰርቨር ክፍሉ መለዋወጫ ቁልፍ አቶ ታምራት ዘንድ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ የኦቦ ከድርን እግር ስከተል የከረምኩት እኔም ጭምር፣ አንድ ቀን እንኳ እሳቸውን አልጠረጠርንም።