ወደ ደብረ ማርቆስ ያልመጣው ባቡር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ አጉሊ መነጽርና እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ አስረከቡኝ። "የባቡር ባለሙያ" የሚል የቅጥር ደብዳቤም ሰጡኝ። ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ደብረ ማርቆስም አይታ አታውቅም።

እንዴት እንደተቀጠርኩ ልንገራችሁ። ከእኔ በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ ሰዎች ነገሩን ከሌላ ሰው ተጣምሞ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ድሮ ማርቆስ ያስተምር የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ሞተና ልጆቹ ፎቶግራፎቹን ለከተማው ላኩ። ሰውየው በሄደበት አገር ሁሉ ባቡር ሲያነሳ የኖረ ነው። ማርቆስ ላይ ያነሳው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ላይ ያለው በቅሎ ነው። የከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ግን አንዴ ሳጥኖቹን ፈርሞ ተረክቧል። የተረከቡት ነገር መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ባቡር ላይ የሥራ ልምድ ያለው፣ በኮንትራት" ብለው ለጠፉ።

እኔ ጉንደ ወይን ባቡር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በእኛ በኩል ወፍጮ ቤት ባቡር ነው የሚባለው። እህል የተሸከመ ሰው "ወዴት ነው?" ሲባል "ባቡር" ይላል፤ ድሬዳዋ ሊሳፈር ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ማስታወቂያውን ራሴ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። ያስተማረችኝ ልጅ ከልጄ ብዙም አትበልጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠየቁኝ።

"ባቡር ላይ ሥራዎ ምን ነበር?"

"ሞተሩን አስነሳለሁ፣ ቀበቶ እቀይራለሁ፣ ድንጋይ እወቅራለሁ።"

"ድንጋይ?"

"ድንጋዩ ካለቀማ ምን ዋጋ አለው? ሥራው ይቆማል።"

ሁለቱ ተያዩ። ሦስተኛው፣ አዲስ አበባ የተማረው፣ "ሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን ጠጠር ማለታቸው ነው" ብሎ አስረዳቸው።

"አደጋ ደርሶብዎት ያውቃል?"

"አንድ ጊዜ የሰው ነጠላ ጎትቶ አስገብቷል። ሰውየውን አትርፈናል።"

ይህንንም ጻፉት። አንደኛ ወጣሁ። ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም።

ሳጥኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ፎቶ እንዳየሁ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። አቶ ይበልጣል ይባላል። ዕድሜው ከልጄ ጋር እኩል ነው፤ ዲግሪ አለው፤ ክራቫት ያስራል።

"አቶ ይበልጣል፣ ይሄ ወፍጮ አይደለም።"

"የምን ወፍጮ?"

ነገርኩት። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ጋሼ አስማረ፣ ደብዳቤው ወጥቷል። ማኅተም አርፎበታል። ግልባጩ ለየክፍሉ ሄዷል። የቱ ይቀላል? ደብዳቤውን መሰረዝ ወይስ እርስዎ ባቡር ቢማሩ?"

"እኔ ብማር።"

"በሉ ይማሩ።"

የተማርኩት ከሟቹ ማስታወሻ ደብተር ነው። ሰውየው ሥዕል ይስላል፣ ከሥዕሉ አጠገብ ቁጥር ይጽፋል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ለቀምኩ። ቁጥሩንማ ከወፍጮው ሞተርና ከሚዛኑ አውቀዋለሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ጎማ ይቆጠራል፦ ከፊት ስንት ትንሽ፣ መካከል ስንት ትልቅ፣ ከኋላ ስንት ትንሽ። ቀጥሎ ነጂው የሚቆምበት ክፍል ጎን ላይ ያለው ቁጥር በአጉሊ መነጽር ይታያል። ቀጥሎ ግንባሩ ይታያል። ግንባሩ ላይ እንደ ሳህን ክብ የሆኑ ሁለት መጋጫዎች ካሉትና የሚንቀሳቀሰው ብረት በጎማዎቹ መካከል ከተደበቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እንግሊዝ አገር የሚሠራ ነው። ለሞቃት አገር ሠርተው የላኩት ግን ዘንጉም ብረቱም ውጭ ነው። ከፊቱ ትልቅ መብራት፣ ከመብራቱ በታች ከብት የሚገፋ የብረት አጥር አለው። እንግሊዝ አገር ከብት ሐዲድ ላይ አይተኛም ማለት ነው።

ፉርጎም ይለያል። ለየመቀመጫው የራሱ በር ያለው የመንገደኛ ፉርጎ የድሮ እንግሊዝ ነው። ሰው ከሰው ጋር እንዳይነጋገር ይመስለኛል። ከጭነቱ ሁሉ መጨረሻ የምትጎተት፣ ጭስ ማውጫ ያላት ትንሽ ቤት ደግሞ የፍሬን ሠራተኛው ፉርጎ ናት። ይህን እስካውቅ ድረስ አርባ ፎቶ ላይ "ወጥ ቤት" ብዬ መዝግቤአለሁ። የፈረመበት አለቃ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ባለወፍጮ ከሮብ ገበያ የተሰበረ ዘንግ ታቅፎ ቢሮዬ ገባ። "የመንግሥት የባቡር ባለሙያ አለ ቢሉኝ ነው የመጣሁ" አለ። የት እንደሚበየድለት ነገርኩት፤ አመስግኖኝ ሄደ። በዚያ ቢሮ ሕዝብ ያገለገልኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ ከበላይ ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ የሚል ትእዛዝ መጣ። አቶ ይበልጣል የድምፅ መቅረጫ ይዞ ወደ ሽማግሌዎች ወጣ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

"አባቴ፣ ድሮ ማርቆስ ባቡር ነበረ?" አለ።

"እንዴታ! ጣሊያን ነው ያስገባው" አሉ ሽማግሌው።

"ድምፁ ትዝ ይልዎታል?"

"ዱግ ዱግ ዱግ ነው የሚል። ከወንዝ ማዶ ይሰማል።"

"ሰው ይጫንበት ነበር?"

"የምን ሰው? እህል እንጂ።"

አቶ ይበልጣል ደብተሩ ላይ "የጭነት ባቡር" ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

"አቶ ይበልጣል፣ የሚያወሩት ስለ ወፍጮ ነው" አልኩት በመንገድ ላይ።

"ጋሼ አስማረ፣ እርስዎ ሁሉም ነገር ወፍጮ ይመስልዎታል።"

ከሳጥኑ ፎቶ ቁጥር አርባ ሁለትን መረጠ። ትልቅ የእንፋሎት ሞተር ቆሟል፤ ሦስት ሰዎች አጠገቡ ቆመዋል፤ ከበስተጀርባ ተራራ አለ። ተራራው ጮቄ ነው አለ። ባነር አሳተመ፦ "የደብረ ማርቆስ ባቡር"።

"ግመሉስ?" አልኩት። ከሐዲዱ ወዲያ ግመል ቆሟል።

"ድሮ ማርቆስ ግመል አልነበረም ብለው ይፈርማሉ?"

"እፈርማለሁ።"

"የግመል ባለሙያ ነዎት?"

እያንዳንዱ ፎቶ የመለያ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ እኔ ካልፈረምኩ ፎቶው አይሰቀልም። አቶ ይበልጣል ይህን ያውቃል። "ኮንትራትዎ በሚቀጥለው ወር ነው የሚታደሰው አይደል?" አለኝ፤ በትሕትና ነው የተናገረው።

ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ እንደ ደንቡ ጀመርኩ። ከፊት አራት ትንሽ፣ መካከል ስምንት ትልቅ፣ ከኋላ ሁለት ትንሽ። ዘንጉ ውጭ ነው። ሁለት ሳህን የለውም፤ መያያዣው መሐል ላይ አንድ ነው። ሐዲዱ ጠባብ ነው። እንግሊዝ ለአፍሪካ የሠራው ነው፤ እዚህ ድረስ ገባኝ። ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን በማላውቀው ጽሕፈት ነው። እንዲህ ያለ ጽሕፈት ሐጂ ሰይድ ሱቅ ግድግዳ ላይ አይቼአለሁ።

ሐጂ ሰይድ ገበያው አጠገብ ገመድና ምስማር ይሸጣሉ። ሰባ አልፏቸዋል። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ ብርሃን ወሰዱት።

"ዓረብኛ ነው። አምስት መቶ አሥራ አራት። ከታች ሱዳን ይላል።"

"በቃ ጨረስን። ይስጡኝ።"

አልሰጡኝም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ባቡር ነዋ ሐጂ። የምድር ባቡር።"

"ባቡር" አሉ። ከዚያ "ሱዳን" አሉ። ገመድ ሊገዛ የመጣ ሰው ቆሞ ነበር፤ "ነገ ና" ብለው መለሱት።

አባታቸው ይማም በቅሎ ጭነው ወደ መተማ የሄዱት ሐጂ ጡት ሳይጥሉ ነው። አልተመለሱም። በዓመቱ አንድ ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ፦ "ባቡር ገብቻለሁ፣ ደህና ነኝ በሏት።" እናታቸው የሚያውቁት ባቡር አንድ ነው። ቢቸና ሄዱ፣ ደጀን ሄዱ፣ ሞጣ ሄዱ። እስኪያረጁ ድረስ ወፍጮ ቤት ሁሉ እየገቡ ባላቸውን ጠየቁ። ሰው ደግሞ ያወራል፤ ይማም ከሌላ ሴት ጋር ወፍጮ ቤት ተቀምጦ ዱቄት እየላሰ ነው አሉ። ወሬው ቤት ውስጥ ገብቶ ቀረ።

"ሐጂ፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት" አልኳቸው። "የምድር ባቡር መኖሩን ያውቃሉ። እንዴት አላሰቡትም?"

"አውቃለሁ። የአባቴ ግን ወፍጮ ነበር። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ነው አሉኝ፤ ማን መልሶ ያየዋል?"

እኔ ያን ጊዜ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ጉንደ ወይን ሳለሁ አንዲት አሮጊት ወፍጮ ቤቴ ገብተው "ይማም የሚባል ሰው ባቡሩ ላይ አለ?" ብለው ጠይቀውኛል። እህል የሚያስፈጨው ሰው ተሰልፎ ነበር። "ይማም የለም፤ አስማረ ይበቃሻል?" አልኳቸው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ለሐጂ ነገርኳቸው። መደበቅ አልችልበትም።

"እሷስ ሳቀች?"

"አልሳቁም።"

"አትስቅም" አሉና ፎቶውን መለሱልኝ።

"ከቆሙት ሰዎች አንዱ አባትዎ ነው ብዬ አልጽፍም" አልኩ። "ሞተር ነው የምለየው።"

"መች ጠየቅሁህ? ሱዳን ባቡር እንዳለ፣ ሰው እንደሚሠራበት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጠኝ። ለእትዬ ዘሐራ ነው።"

እትዬ ዘሐራ ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ጉንደ ወይን ነው የሚኖሩት። ለአባታቸው አንድ ቀን ዱዓ አድርገው አያውቁም። ሐጂ በየዓመቱ ይለምኗቸዋል፤ እሳቸውም "ከዱቄቱ ይውጣና" እያሉ ይመልሳሉ።

"ሁለታችንም አርጅተናል" አሉኝ ሐጂ። "አንድ ቀን ሳታደርግለት ልትሞት ነው።"

ካርዱ ላይ "ቦታ፦ ሱዳን" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። አቶ ይበልጣል ኮሚቴ ጠራ። አንዱ ግመሉ በመቀስ ይውጣ አለ። ሌላው ሱዳን የጎጃም ጎረቤት ስለሆነ "ጎጃም አካባቢ" ይባል አለ። አዲስ አበባ የተማረው ብዙ አሰበና ወደ እኔ ዞረ።

"ይህ ባቡር ማርቆስ አልመጣም ነው የሚሉት?"

"አልመጣም።"

"አለመምጣቱን ይፈርማሉ?"

"እሱንማ እፈርማለሁ።"

ባነሩ አልተጣለም። "የ" የምትለውን ሸፍነው "ወደ" አሉባት፣ መሐል ላይ "ያልመጣው" የሚል ጨርቅ ሰፉባት። ካርዴ እንዳለ ጸደቀ፤ ማኅተም ተመታበት።

ኤግዚቢሽኑን ሊከፍቱ የመጡት የክብር እንግዳ ፎቶው ፊት ቆሙ።

"መቼ ነው ያልመጣው?"

"በጣሊያን ጊዜ ነው ያልመጣው፣ ክቡርነትዎ" አለ አቶ ይበልጣል።

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው አጨበጨበ። ኮንትራቴም ታደሰ፤ ያልመጣ ባቡር የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም።

የፎቶውንና የካርዱን ቅጂ ይዤ ከሐጂ ጋር በሚኒባስ ጉንደ ወይን ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት።

"ይሄ ነው ባቡሩ?"

"ይሄ ነው እትዬ" አሉ ሐጂ።

"አይፈጭም?"

"አይፈጭም።"

"ምን ያደርጋል ታዲያ?"

እዚህ ላይ ባለሙያው እኔ ነኝ ብዬ ገባሁ። "ሰው ይወስዳል፣ እናቴ።"

"ወስዶ ይቀራል?"

"የለም፣ ይመላለሳል። ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይመለሳል።"

"ይመላለሳል" አሉ። ምስሩን አስቀመጡ። "እሱን ታዲያ ምነው አልመለሰውም? ወፍጮ ሳለ ይሻለኝ ነበር። ወፍጮ እንኳ የትም አይሄድም።"

ሐጂ አዩኝ። አተያያቸውን አልረሳውም። ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው የአባታቸውን ጥፋት ልናከብድ ነው እንዴ ብዬ አፈርኩ።

"ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብብልኝ" አሉ እትዬ ዘሐራ። "ሁሉንም።"

አነበብኩ። "ዓይነት፦ የእንፋሎት ሞተር፣ እንግሊዝ ሥራ። ጎማ፦ አራት፣ ስምንት፣ ሁለት። ቁጥር፦ አምስት መቶ አሥራ አራት። ቦታ፦ ሱዳን። በፎቶው ላይ ያሉ ሰዎች።"

ቆምኩ።

"እነሱስ?"

"ምንም አልተጻፈም።"

"ምነው?"

"አላውቃቸዋማ።"

"ለምን እንዳልተመለሱስ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ማኅተም የመታበትስ ያውቃል?"

"እሱም አያውቅም።"

ጣታቸውን ባዶው መስመር ላይ አደረጉት። ማንበብ አይችሉም፤ የት እንደሆነ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

"እኔ ግን እስከ ዛሬ አውቃለሁ እል ነበር" አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሐጂ ፈጥነው የራሳቸውን ዘረጉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

በጡረታ እስክወጣ ከዚያ በኋላ ብዙ ካርድ ሞልቻለሁ። አቶ ይበልጣል ባዶ መስመር ባየ ቁጥር "ያልተሟላ" ብሎ ይመልስልኝ ነበር፤ እኔም እንዳለ መልሼ እልክለት ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ፣ የማታውቁትን መስመር አትሙሉት።