ጀፎረ የገፋው ንጉሥ

የወልቂጤው ማቆያ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። መሀል ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ባዶ ሲሚንቶ አለ። ቆጮና ሽንት አንድ ላይ ይሸታል። ያ ሁሉ ሰው ተጨናንቆ መሀሉ ባዶ መሆኑ ገረመኝ፤ ቦርሳዬን እዚያ ላስቀምጥ ስል አንድ ወጣት የሚኒባስ ሹፌር ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«ቲቸር፣ እሱ ጀፎረ ነው።»

ሳቅሁ። ጀፎረ ምን እንደሆነ ነጋሪ አያስፈልገኝም ነበር። ሰሜን ብወለድም ወልቂጤ ታሪክ ሳስተምር ነው የሸበትኩት። በየመንደሩ ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሰፊ ሣር ለስንት ተማሪ አስረድቻለሁ። ከብት ያልፍበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይቆምበታል፣ የሁሉም ነው። አጥሩን ወደዚያ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። እኔ የታሰርኩት ስለ ክልል ጥያቄው በተጠራ ስብሰባ ላይ «ሕዝቡ ይጠየቅ» ብዬ በመናገሬ ነበር፤ እስረኞች ተስማምተው ያወጡትን ሕግ ማክበር ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጀፎረው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋቸው ሀጂ ነበሩ። የቸሃ ሰው ናቸው፤ ቡታጅራ በርበሬ ይነግዳሉ። ለዚያው ጥያቄ በተጠራው የሥራ ማቆም አድማ ቀን ሱቅ ዘግተሃል ተብለው ነው የመጡት። ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ፖሊሶቹ ወደ ውጭ የሚያወጡን ደስ ሲላቸው ስለነበር ሀጂ ቶሎ ቶሎ ጥግ ወዳለው ባልዲ ይሄዳሉ። እኛ የሰው እግር ቢያጋጥመን ዘለን እናልፋለን፤ እሳቸው ግን ባዶውን መሀል አምነው ነው የሚራመዱት።

ከምሳ በኋላ ሰዓቱ አልገፋ ሲል ታሪክ አውራልን አሉኝ። ስለ ሥልጣን ጥመኞች ጀመርኩላቸው። ሹፌሩ ሰለቸውና «ቲቸር፣ አንዱን ራሱን ጥራልንና እናናግረው» አለ። ጀሪካን አጋድመው አስቀመጡኝ፣ የሆነ ሰው ነጠላ ደረበልኝ፤ ወንድሞቹን ተራራ ላይ ያሰረውን ንጉሥ ሆንኩ። ሌላ ቀን አገሩ አልበቃው ብሎ ሠራዊቱን በረዶ ውስጥ ያስጨረሰውን ጄኔራል ሆንኩ። ለተማሪዎቼ ቴአትር ከራሴ የፈጠርኩት ንጉሥም መጣ፤ ጥላዬን ይረግጡብኛል ብሎ ሕዝቡ ደመና ሲሆን ብቻ እንዲወጣ ያዘዘው። ክፍሉ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ወንድሞችህን ስታስር እናትህ ምን አለች? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ጄኔራሉን ብርዱን ራስህ ቀምሰኸዋል ወይ ብለው ሲያፋጥጡት «እኛ በሠረገላ ነበርን» አልኩና ሀጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ጎበዝ ነበርኩ። አንድም ቀን መልስ አላጣሁም። የነዚያ ሰዎች አነጋገር እንዲያ በቀላሉ አፌ ላይ የሚመጣው ብዙ ስላነበብኩ ይመስለኝ ነበር።

ለንጉሡ ክብር ሲሉ መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ ለቀቁልኝ። አልለመንኳቸውም፤ እምቢም አላልኩም። ባለቤቴ ከቤት ስፖንጅ ፍራሽ ላከችልኝ፤ ከሌሎቹ ይሰፋል። ጫፉ ጀፎረው ላይ ስንዝር ወጣ። ማንም ምንም አላለኝም። በማግስቱ ትራሴን ላመቻች ብዬ ትንሽ ገፋ አደረግሁት። ሹፌሩ አየና «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ቀለደ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንድ ቀን ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ሀጂ ከባልዲው ሲመለሱ የፍራሼ ጫፍ እግራቸውን ያዛቸው። በጉልበታቸው ወደቁ፤ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፉ ሁላችንም ሰማነው። የስኳር በሽተኛ ቁስል እንዴት እንደሚያስቸግር የማያውቅ አልነበረም። ሱሪያቸው ላይ ደም ወጣ። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን እንኳ ሳይነኩ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አፉ በለኝ መምህር፣ መኝታህን ረገጥኩብህ።»

እኔ ደግሞ «ምንም አይደለም ሀጂ» አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው ማለት ነው። በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ እስከ ዛሬ አንገቴን የሚያስደፋኝ ይህ መልሴ ነው።

ሀጂን ደግፈው ቦታቸው አስቀመጧቸው። አንዱ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ ጨዋታው ይቀጥል አለ፤ እኔም የምሆነው ጠፍቶኝ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ሳይስቅ ተነሣ።

«ጃንሆይ፣ አጥርዎን ወደ ጀፎረ ሲገፉ የሚወድቅ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም?»

የአገሩ ሰዎች ሰውን ፊት ለፊት ከማዋረድ በሌላ አሳበው መናገር ያውቁበታል። ልጁ መውጫ ሰጥቶኝ ነበር። መልሱ ግን እኔ ሳላስበው በዚያው በንጉሥ ድምፅ ወጣ።

«መንገዱ ሰፊ ነው፤ ለሁሉም ይበቃል።»

የሳቀ ሰው የለም። ሀጂ ብቻ ጉልበታቸውን ይዘው ፈገግ አሉ፤ ለእኔ አዝነው ይመስለኛል። ያንን መልስ ከየትም መጽሐፍ አላነበብኩትም።

ከጀሪካኑ ወረድኩ። ነጠላውን አጥፌ መለስኩ፣ ለመጠጥ ያስቀመጥኳትን ውኃ አምጥቼ የሀጂን ጉልበት አጠብኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር በእጃቸው ተው አሉኝ። የአሱር ሰላት ሰዓት ደርሶ ነበር። ተቀምጠው ይሰግዳሉ ብዬ ስጠብቅ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ሲንበረከኩ እንዳያማቸው ፍራሼን ጎትቼ ቦታቸው ላይ አነጠፍኩላቸው። ሀጂ ከመስገዳቸው በፊት ጎንበስ ብለው ዳር ዳሩን በእጃቸው ዳበሱት። ጀፎረው ላይ የወጣውን ጫፍ አገኙና ወደ ራሳቸው አጠፉት። ከዚያ በተረፈው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሰላታቸውን ሙሉውን ሰገዱ።

የመስኮቱን ሥር ለሌላ ሰው ለቅቄ እስክፈታ ባልዲው አጠገብ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑ ላይ ማንም ውጣ አላለኝም፤ እኔም አልወጣሁም።

አሁንም ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ነገሥታቱ ሳወራ እንደ ድሮው ድምፄን አላወፍርም፤ ተማሪዎቹ ደርቀሃል ይሉኛል። ባለፈው ሰሞን ሀጂን ልጠይቃቸው ቸሃ ሄድኩ። ቁስሉ ሐኪም ቤት ብዙ አመላልሷቸው ነው የዳነው፤ ዛሬም ያነክሳሉ። ሊሸኙኝ ወጡና፣ እሳቸው በከዘራቸው ቀስ እያሉ፣ በጀፎረው ላይ ሄድን። እኔ ሳይታወቀኝ የሰው አጥር ይዤ ዳር ዳሩን እሄድ ኖሯል። ሀጂ መሀል ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ምነው መምህር፣ አጥር ይዘህ ትሄዳለህ? ወዲህ ና እንጂ። ሰፊ ነው፤ ለሁሉም ይበቃል።»

ፊታቸውን አየሁ፤ አስታውሰው ይሁን ሳያስታውሱ የሚያስታውቅ ነገር አልነበረበትም። ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ወደ መሀል ወጣሁና ከጎናቸው ሆኜ በእሳቸው እርምጃ ሄድኩ።