የወረደው ቁጥር

እህቴ ሃዊ ዊንጌት ሰፈር ፀጉር ትሠራለች። ፀሐይ ስለማይስማማት ያለ ዣንጥላ አትወጣም። ሕመሟ ሉፐስ ነው፤ የሰውነት መከላከያ በገዛ ባለቤቱ ላይ ሲነሳ ማለት ነው። በየሦስት ወሩ ጳውሎስ ሆስፒታል ደሟን ትመረመራለች። ውጤቱን የማነብላት እኔ ነኝ፤ የደም ግፊት ታማሚ ስለሆንኩ ሊቅ ነኛ!

ያን ቀን ወረቀቱን ተቀበልኩ። ሲ-ስሪ ከሚለው ጎን፣ ባለፈው ዘጠና ስምንት የነበረው ሠላሳ ስምንት ሆኗል። «ወረደ!» ብዬ ጮህኩ። ግፊት ሲወርድ፣ ስኳር ሲወርድ ተመስገን አይደል የሚባለው? የፊቷ ሽፍታም ጠፍቶ ነበር።

የሐኪም ቀጠሮዋ ለሳምንት ነበር፤ ማን ይጠብቃል! እሁድ ቸርች መድረክ ላይ ወጥታ «በሽታዬ ከግማሽ በታች ወርዷል» ብላ መሰከረች። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔ በደስታ አለቀስኩ። በማግስቱ ኪኒኑን አቆመች። «ተፈውሻለሁ ብዬ መስክሬ እንዴት እውጣለሁ?» አለችኝ። ከቀጠሮውም ቀረች።

በወሩ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። እየደገፍኩ ሐኪሟ ዶክተር ሮሃ ዘንድ ወሰድኳት። ወረቀቱን አይታ፣ «ጥሩ ነው ያላችሁ ማነው?» አለች። አፈር በበላሁ!

«ሲ-ስሪ የደም ፕሮቲን ነው» አለችን። «ጀርም ላይ እየተለጠፈ፣ ይኸው ጠላት ብሎ ለነጭ የደም ሴሎች ያሳያል። ሃዊ ላይ ግን የሚለጠፈው የራሷ ኩላሊት ላይ ነው። የወረደው እዚያ እያለቀ ስለሆነ ነው። እሱ ሲወርድ የበሽታው ቁጣ ብሷል ማለት ነው።»

«ኩላሊቴ ይተርፋል?» አለች ሃዊ።

«መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሪ። አሁን ይተርፋል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሃዊ ግን የመሰከረችውን ልታስተካክል በቀጣዩ እሁድ እዚያው መድረክ ላይ ወጣች። «ባለፈው ቁጥሩ ወረደ ብዬ ነበር…» ስትል ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» ብሎ አቋረጣት። ደግማ ጀመረች፤ «አሜን!» አሏት።

«ቆዩ፣ አልጨረስኩም» አለች እያለቀሰች። «ተሳስቼ ነው። ብሶብኛል። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፤ ጸልዩልኝ።»

ፓስተሩ ቀስ ብሎ «ማነው ያሳሳተሽ፣ እህቴ?» አላት።

ሃዊ ወደ እኔ አላየችም። «ራሴ ነኝ» አለች።

እኔ ቦሰና፣ አፌ የማያርፈው፣ የዚያን ቀን ዝም አልኩ።